ስምንት ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ምን በላ? በናዚ ዘመን ተሸሽገው ስለኖሩ የኔዘርላንድ አይሁዶች

ጥያቄውን ያቀረቡልን አንባቢ አምስተርዳም ሄደው ፕሪንሰንግራኽት በሚባለው ቦይ ዳር ያለውን፣ በማስታወሻዋ የታወቀችውን አይሁዳዊት ልጅ የአን ፍራንክን መሸሸጊያ ቤት ጎብኝተዋል። እንዲህ ይላሉ፦ «ከመጽሐፍ መደርደሪያ ጀርባ ስምንት ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ኖረ ተባልን። ለመሆኑ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ተደብቆ እንዴት ይኖራል? ምን ይበላል? ጎረቤትስ እንዴት አያውቅም? መደበቅ ከተቻለ ደግሞ ለምን ሁሉም አልተደበቁም?»

ይህን ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ያንን ቤት አይቶ የመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራልኝ ስለ መደርደሪያው ነው። አይፈረድበትም፤ መደርደሪያው እንደ በር ተከፍቶ ከጀርባው ጠባቡ ደረጃ ብቅ ሲል የማይደነግጥ የለም። እኔ ግን እርስዎ በመሐል ጣል ያደረጓትን «ምን ይበላል?» የምትለዋን ጥያቄ ልያዝ። የቀሩትን ጥያቄዎች የምትፈታው እሷ ናትና።

ጀርመን ኔዘርላንድን በሜይ 1940 ወረረች (የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ ምግብ የሚሸጠው በራሽን ኩፖን ሆነ። ዳቦ፣ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ ሳሙና ሳይቀር ገንዘብ ብቻውን አይገዛቸውም። በደርግ ጊዜ ከቀበሌ ሱቅ ስኳርና ጨው በኩፖን ያመጣ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ስምህ መዝገቡ ላይ ከሌለ ድርሻ የለህም። የተሸሸገ ሰው ደግሞ ስሙን ከመዝገብ ያጠፋ ሰው ነው። በሕግ ዓይን የለም፤ ሆዱ ግን አለ። እንግዲህ የተሸሸገ ሁሉ በየወሩ የሆነ ሰው የሰረቀው፣ አስመስሎ ያተመው ወይም በጥቁር ገበያ የገዛው ኩፖን ያስፈልገው ነበር። ኩፖኑ ሲገኝ ደግሞ ዳቦውን ሄዶ የሚገዛ ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ሁለት ሆኖ ሳለ የአሥር ሰው ድንች ተሸክሞ ሲወጣ ሰው እንዳይጠረጥረው መጠንቀቅ አለበት።

በፕሪንሰንግራኽት 263 ይህን ሥራ የሠሩት የአን አባት የኦቶ ፍራንክ የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። ፍራንክ ለማርማላታ ማርጊያ የሚሆን ፔክቲን የሚሸጥ ድርጅት ነበራቸው። ትልቋ ልጃቸው ማርጎት ጁላይ 5 ቀን 1942 ለጀርመን የጉልበት ሥራ እንድትቀርብ መጥሪያ ሲደርሳት፣ በማግሥቱ ቤተሰቡ አስቀድሞ ሲዘጋጅ ወደ ቆየው የቢሮው የኋላ ክፍል ገባ። ከሳምንት በኋላ የፋን ፔልስ ቤተሰብ፣ በኖቬምበር ደግሞ ፍሪትስ ፕፌፈር የተባሉ የጥርስ ሐኪም ተጨመሩ። ሚፕ ጊስ አትክልቱንና ሥጋውን፣ ቤፕ ፎስካይል ዳቦውንና ወተቱን ያመጡ ነበር። የሚፕ ባል ያን ጊስ ናዚን በስውር ከሚታገሉት ተቃዋሚዎች ጋር ስለሚሠራ የራሽን ካርድ ያመጣል። ቪክቶር ኩግለርና ዮሐንስ ክላይማን ድርጅቱን በስማቸው ይዘው ያንቀሳቅሳሉ። መደርደሪያውን የሠሩት የቤፕ አባት ናቸው። በታችኛው መጋዘን የሚሠሩት ሌሎች ሰዎች ግን አያውቁም ነበር፤ በሥራ ሰዓት የመጸዳጃ ውኃ የማይለቀቀው፣ በካልሲ የሚኬደው፣ ሳል በትራስ የሚታፈነው ለዚህ ነበር።

«ጎረቤት እንዴት አያውቅም?» ብለዋል። ብዙ ጊዜ ያውቃል ወይም ይገምታል። ሚፕ አትክልት የሚገዙት ሄንድሪክ ፋን ሁፈ ከሚባል ነጋዴ ነበር። ሰውየው ሴትዮዋ የምትገዛው ለሁለት ሰው እንዳልሆነ ዓይኑ አይቷል፤ አንድም ቀን ግን «ለማን ነው?» አላለም። ይልቁንም ጨመር እያደረገ ይሰጣት፣ ድንቹንም ሠራተኞቹ ለምሳ በሚወጡበት ሰዓት ራሱ ያደርስ ነበር። ለካ እሱም በቤቱ ሁለት አይሁዶችን ሸሽጓል። በሜይ 1944 ተያዘና ወደ ካምፕ ተጋዘ፤ በሕይወት ተመልሷል። የእሱ መያዝ መደርደሪያው ጀርባ ላሉት ስምንት ሰዎች ምን ማለት እንደነበር ያስቡት፤ አትክልታቸው ቆመ። ሁለት ወር ቀደም ብሎ ደግሞ ኩፖን የሚያገኙላቸው ሁለት የድርጅቱ ሻጮች ተይዘው ነበር፤ ያን ሰሞን ማዕዳቸው ምን ያህል እንደሳሳ አን በማስታወሻዋ ጽፋዋለች። ግድግዳው አልተነካም፣ መደርደሪያውም በቦታው ነው፤ ከተማው ውስጥ ሁለት ሰው ሲታሰር ግን እነሱ ይራባሉ። ሽሽግ ማለት ምን እንደሆነ ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ሁልጊዜ የማነሣው ይህን ነው።

አሁን አንድ ነገር ማረም አለብኝ። የፍራንክ ቤተሰብ አኗኗር በጣም የታወቀ ቢሆንም የብዙኃኑን አኗኗር አያሳይም። አባት፣ እናትና ልጆች አንድ ላይ፣ በራሳቸው ድርጅት ሕንፃ፣ በሚያምኗቸው ሠራተኞች እየተጠበቁ፣ 25 ወር ሙሉ ቦታ ሳይለውጡ ኖሩ። እንዲህ ያለ ዕድል የገጠመው ጥቂት ሰው ነው። አብዛኛው ቤተሰብ ተበታትኖ ነው የተሸሸገው፤ ባል አንድ ቦታ፣ ሚስት ሌላ ቦታ፣ ልጆች ወላጆቻቸው በማያውቁት ሦስተኛ ቦታ። አለማወቃቸው ሆን ተብሎ ነው፤ የተያዘ ሰው ቢደበደብም የማያውቀውን አይናገርም። ቦታም ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። ጎረቤት ሲያጉረመርም፣ ባለቤቲቱ ስትታመም፣ በመንደሩ አፈሳ ሲወራ፣ ወይም ሰዎቹ በቃ ነርቫቸው ሲያልቅ፣ በሌሊት ብስክሌት ላይ ወጥቶ ወደ ሌላ ቤት መሄድ ነው። አምስትና ስድስት ቤት የለወጠ ብዙ ነው፤ ከዚያ በላይ የለወጠም አለ። ደች ለዚህ ሁሉ ያለው ቃል «ኦንደርዳይከን» ነው፤ ከውኃ በታች መጥለቅ እንደማለት። ቃሉ ልክ ነው። የጠለቀ ሰው በራሱ ሳንባ ብዙ አይቆይም፤ ከላይ አየር የሚልክለት ይፈልጋል።

ገንዘብም ነበር ጉዳዩ። ይህን ማድበስበስ አልወድም። ብዙ ሸሻጊዎች ለምግብና ለአልጋ ክፍያ ይቀበሉ ነበር፤ ራሳቸውም ድሃ ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ተገቢ ነው። ሰው ያለበትን ጭንቀት አይተው አንገቱን ያነቁ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ከቤት ያስወጡም ነበሩ። በእንግድነት ቤት በደል የደረሰባቸው ልጆች አሉ፤ ይህንንም የተናገሩት ካረጁ በኋላ ነው። በሌላ በኩል አንድ ሳንቲም ሳይጠይቁ ከልጆቻቸው አፍ ቀንሰው ያበሉ አሉ። የአምስተርዳም አይሁድ አብዛኛው ሀብታም እንዳልነበረም ይታወቅ፤ አልማዝ ቆራጭ፣ ልብስ ሰፊ፣ የገበያ ቸርቻሪ ነው። ሁለት ዓመት የሚከፍለው ኪራይ ከየት ያመጣል?

እዚህ ላይ የዋልራፈን ፋን ሃል ስም ይነሣል። የባንክ ባለሙያ ነበሩ። በስውር ገንዘብ እየሰበሰቡ፣ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ የሄዱ መርከበኞችን ቤተሰቦች፣ ቀጥሎ ተሸሻጊዎችንና ተቃዋሚዎችን የሚደጉም አንድ የተደበቀ ባንክ አቋቋሙ። የብሔራዊ ባንኩን ሰነድ በሐሰተኛ ሰነድ እየለወጡ ጭምር ባገኙት ገንዘብ፣ በጦርነቱ ማብቂያ ከ80 ሚሊዮን ጊልደር በላይ ተከፋፍሏል። ጀርመኖች ይዘዋቸው በፌብሩዋሪ 1945 ሃርለም ውስጥ ረሸኗቸው፤ ነፃነቱ ሦስት ወር ሲቀረው። ስማቸው ከመደርደሪያው ጋር የማይጠራ መሆኑ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ብዙ ሰው የኖረው በእሳቸው ገንዘብ ነው።

ከዳቦ ቀጥሎ የሚመጣው ወረቀት ነው። የኔዘርላንድ መታወቂያ ያኮብ ሌንትስ የተባለ የመንግሥት ሠራተኛ የነደፈው ሲሆን፣ ፎቶና የጣት አሻራ ያለው፣ አስመስሎ ለመሥራት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። የአይሁዳውያኑ ላይ ትልቅ «ጄ» ፊደል ይታተምበታል። በ1941 መጀመሪያ ማንኛውም አይሁድ እንዲመዘገብ ሲታዘዝ 140,000 ያህል ሰው ራሱ ሄዶ ተመዘገበ፤ በሕግ አክባሪነት የተሞላው ያ ቅጽ በኋላ ለአፈሳው የስም ዝርዝር ሆነ። ይህን የተረዱ ሠዓሊዎችና ቀራፂዎች፣ በዊለም አሮንዴዩስና በኼሪት ፋን ደር ፌን መሪነት፣ ማርች 27 ቀን 1943 የፖሊስ ልብስ ለብሰው ወደ አምስተርዳም የሕዝብ መዝገብ ቤት ገቡ። ዘበኞቹን በማደንዘዣ አስተኝተው ወደ ውጭ አወጧቸው እንጂ አልገደሏቸውም። ከዚያ መዝገቡ ላይ እሳት ለቀቁበት። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹም ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ እግራቸውን እየጎተቱ መጡ፤ ከደረሱም በኋላ እሳቱ ያልነካውን ወረቀት በውኃ አበሰበሱት። የጠፋው ከመዝገቡ 15 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። አሮንዴዩስን ጨምሮ 12 ሰዎች ጁላይ 1 ቀን 1943 ተረሸኑ። ለ15 በመቶ ወረቀት ሲባል 12 ነፍስ ይገባዋል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ ነበር። እያንዳንዱ ካርድ ላይ የሰው ስም ነበር አልኩት።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ለምን ሁሉም አልተደበቁም? የተሸሸገው ከ25,000 እስከ 28,000 የሚገመት ሰው ነው። ከ107,000 በላይ ተጋዘ፤ ከካምፕ የተመለሰው 5,000 ያህል ብቻ ነው። ከኔዘርላንድ አይሁዶች ከመቶ 75 ያህሉ ተገደሉ። በቤልጅግ 40፣ በፈረንሳይ 25 በመቶ ያህል ነው። ሰው ይህን ሲሰማ «ሆላንዶች ክፉ ነበሩ ማለት ነው?» ይላል። መልሱ እንዲህ ቀላል አይደለም።

አገሩን ይዩት። ተራራ የለ፣ የሚያስጠጋ ሰፊ ጫካ የለ። በምዕራብና በሰሜን ባሕር፣ በምሥራቅ ራሷ ጀርመን፣ በደቡብ የተያዘች ቤልጅግ ናት። ስዊዘርላንድ ለመድረስ ሁለት የተያዙ አገሮችን ማቋረጥ ይጠይቃል። ስለዚህ መሸሸግ የሚቻለው ሰው ቤት ውስጥ ብቻ ነው፤ ያውም በጠባብ ቤት፣ በተጠጋጋ መንደር።

ፍርሃቱንም ያስቡት። በፌብሩዋሪ 1941 በአምስተርዳም የአይሁድ ሠፈር ከ400 በላይ ወጣት ወንዶች በአፈሳ ተይዘው ነበር። የከተማው ሠራተኛ በዚህ ተቆጥቶ የካቲት ወር አድማ ተብሎ የሚታወቀውን ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ መታ። ወጣቶቹ ግን አብዛኛዎቹ ማውትሃውዘን ወደሚባለው የናዚ ካምፕ ተወሰዱ፤ መርዷቸው በየሳምንቱ ቤተሰብ ደጅ ይደርስ ጀመር። ከዚያ ወዲህ «ለሥራ ጥሪ ያልቀረበ ወይም ተደብቆ የተገኘ ማውትሃውዘን ይላካል» የሚለው ዛቻ እውነት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በአንጻሩ ምሥራቅ ውስጥ የጋዝ ክፍል እንዳለ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ተራ ሰው አልነበረም፤ «የሥራ ካምፕ» ነው የተባሉት። እናት ሦስት ሕፃናት ይዛ፣ የ80 ዓመት አባቷን ትታ፣ ከማታውቀው ሰው ቤት ትግባ ወይስ ቤተሰቧን ሳትለያይ ወደ ሥራ ካምፕ ትሂድ? ዛሬ እኛ መጨረሻውን ስለምናውቅ መልሱ ግልጽ ይመስለናል።

ሌላው ማህተሙ ነው። ጀርመኖች ባቋቋሙት፣ የአይሁድ ምክር ቤት በሚባለው አካል በኩል ለብዙ ሺህ ሰዎች «እስከ ተጨማሪ ትእዛዝ ድረስ ከሥራ ስምሪት ነፃ» የሚል ማህተም መታወቂያቸው ላይ ተመታ። ሰው ይህን ማህተም ለማግኘት ተሰለፈ፣ ተለማመነ፣ ገንዘብ ከፈለ። ማህተም ያገኘ ደግሞ ለጊዜው ድኛለሁ ብሎ መሸሸጊያ መፈለጉን ተወ። ከዚያ ማህተሞቹ በየተራ ተሰረዙ። በሴፕቴምበር 1943 መጨረሻ የመጨረሻው ታላቅ አፈሳ ሲደረግ የምክር ቤቱ መሪዎች ራሳቸው ተጋዙ። ከናዚ ሥራ ሁሉ በጣም የረቀቀው ይህ ተስፋን በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሰውን ከዱላ ይልቅ እሱ አሰረው።

የእርዳታውም ሰዓት ዘግይቷል። ባቡሮቹ መሄድ የጀመሩት ጁላይ 15 ቀን 1942 ነው። ተሸሻጊዎችን የሚረዳው አገር አቀፍ ድርጅት የተጠነሰሰው ግን በዚያው ዓመት ማብቂያ፣ በሄለና ካይፐርስ ሪትበርግ በተባሉ የቤት እመቤትና በፍሪትስ ስሎምፕ በተባሉ ቄስ ነበር። እየሰፋ የሄደው ደግሞ በ1943 ጀርመን ሆላንዳውያን ወንዶችን በገፍ ለፋብሪካ ሥራ ስትጠራና እነሱም በብዛት ሲሸሹ ነው። የራሽን ቢሮዎችን በመሣሪያ መዝረፍ፣ ኩፖን በየወሩ በየቤቱ ማደል፣ የማታለያ ሰነድ በብዛት ማተም፣ ይህ ሁሉ የደራው ያኔ ነው። ያኔ ግን ከአይሁዶቹ አብዛኞቹ ሄደዋል። በ1942 መሸሸግ የፈለገ አይሁድ የሚያንኳኳው የሚያውቀውን ሰው በር ብቻ ነበር፤ የቀድሞ ገረዱን፣ የሥራ ባልደረባውን፣ የልጁን አስተማሪ። የሚያውቀው ክርስቲያን ያልነበረው የድሃ ሠፈር ሰው በር አልነበረውም።

የተሸሸገውም ሁሉ አልተረፈም። ከሦስቱ አንዱ ያህል ተይዟል። በ1943 ከማርች እስከ ሴፕቴምበር፣ ቪም ሄኔይከ በሚባል ሰው የሚመራ የሆላንዳውያን ቡድን አይሁድ ማደንን ሥራው አድርጎ ይዞት ነበር። ለአንድ ራስ 7.50 ጊልደር ነበር ክፍያው፤ ሕፃንም ቢሆን ያው ነው። ይህ ቡድን በጥቂት ወራት ውስጥ ያስያዘው ሰው ከ8,000 እስከ 9,000 ይገመታል። ተሸሽጎ የተያዘ ሰው ቬስተርቦርክ በሚባለው ማቆያ ካምፕ «የቅጣት ጉዳይ» ተብሎ ይመዘገብና በቀጣዩ ባቡር ይሳፈራል። የፕሪንሰንግራኽቶቹ ስምንት ሰዎች ኦገስት 4 ቀን 1944 ተይዘው ያለፉት በዚሁ መንገድ ነው። በሴፕቴምበር 3 ቀን ከቬስተርቦርክ ኦሽቪትዝ ወደሚባለው የናዚ የሞት ካምፕ የሄደው ባቡር ወደዚያ የሄደ የመጨረሻው ነበር። ከስምንቱ የተመለሱት ኦቶ ፍራንክ ብቻ ናቸው። ከረዳቶቹ ኩግለርና ክላይማን ታሰሩ፤ ሁለቱም ከጦርነቱ ተርፈዋል።

ስለ ልጆቹ ሳልናገር ብዘጋው ምላሼ ጎዶሎ ይሆናል። አምስተርዳም ውስጥ ፕላንታጅ ሚደንላን በሚባል ጎዳና ላይ አንድ ቲያትር ቤት ነበር። ናዚዎች የታፈሱትን አይሁዶች እስኪያግዙ ድረስ የሚያጉሩት እዚያ ነው። ጩኸትና መጨናነቅ ሲበዛ ትንንሾቹን ልጆች ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የሕፃናት ማቆያ አዛወሯቸው። ማቆያውን የሚመሩት ሄንሪየት ፒሜንቴል የተባሉ አይሁዳዊት ነበሩ። ቲያትር ቤቱን በምክር ቤቱ ስም የሚያስተዳድሩት ቫልተር ዙስኪንድ ደግሞ ከጀርመን የተሰደዱ አይሁድ ሲሆኑ፣ ቦታውን ከሚቆጣጠረው የኤስ ኤስ (የናዚ ልዩ ጦር) መኮንን ጋር ተግባብተው እየጠጡ፣ በጎን የልጆቹን ስም ከመዝገብ ያወጡ ነበር። ከማቆያው አጠገብ ያለውን የመምህራን ማሠልጠኛ የሚመሩት ዮሃን ፋን ሁልስት የተባሉ ፕሮቴስታንት ናቸው።

አሠራሩ ይህ ነበር። አስቀድሞ የሕፃኑ ወላጆች ይጠየቃሉ። እሺ ካሉ ስሙ ይሰረዛል። ሕፃኑ በጓሮው አጥር በላይ ወደ ማሠልጠኛው ይተላለፋል፤ ከዚያ በቅርጫት፣ በጆንያ ወይም በቦርሳ ይወጣል። አንዳንዴ ደግሞ ትራሙን ይጠብቃሉ። ትራሙ በማቆያውና ማዶ በቆመው ዘበኛ መካከል ሲያልፍ፣ ልጁን ይዛ የምትወጣው ሴት በትራሙ ተከልላ ትሮጥና በሚቀጥለው ፌርማታ ትሳፈራለች። ትራሙ ውስጥ የነበረ ሰው ያየ ሁሉ ዝም ይል ነበር። እናት ወደ ባቡር ስትጫን የተጠቀለለ አሻንጉሊት አቅፋ የምትሄድበት ጊዜም ነበር፤ ዘበኛው ሕፃኑን የያዘች እንዲመስለው።

ልጆቹን የሚያደርሱት አብዛኞቹ ወጣት ሴት ተማሪዎች ናቸው። ፀጉሩ ጠቆር ያለው ወደ ደቡብ ሊምበርግ፣ ፀጉረ ወርቃማው ወደ ሰሜን ፍሪስላንድ ይወሰዳል፤ «ከሮተርዳም የቦምብ ድብደባ የተረፈ የዘመድ ልጅ» ይባላል። የኡትሬክት ተማሪዎች ለልጆቹ ቀለብ የሚሆን ገንዘብ ያገኙት አንድ ግጥም በወረቀት አትመው በድብቅ በመሸጥ ጭምር ነው። በዚህ ሁሉ 600 ያህል ልጆች ተረፉ። በሴፕቴምበር 1943 ማቆያው ሊዘጋ ሲል ፋን ሁልስት ስንት ልጅ መውሰድ እንደሚችሉ ተጠየቁ። ግቢው ውስጥ በርካታ ልጆች ነበሩ፤ 12 ወሰዱ። እስከ 2018 ድረስ፣ 107 ዓመት ኖረው፣ ለምን 13 አልወሰድኩም እያሉ ራሳቸውን ይጠይቁ ነበር። ፒሜንቴል ኦሽቪትዝ ውስጥ ተገደሉ። ዙስኪንድ ከባለቤታቸውና ከትንሽ ሴት ልጃቸው ጋር ተጋዙ፤ አንዳቸውም አልተመለሱም።

መንደር ሙሉ የተባበረበትም ቦታ አለ። ድሬንተ በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ኒውላንደ የምትባል የገበሬ መንደር ነዋሪዎች እያንዳንዱ ቤት ቢያንስ አንድ ሰው እንዲያስጠጋ ተስማሙ። ሁሉም በአንድ ጥፋት ውስጥ ካሉ ማን ማንን ይጠቁማል? ያድ ቫሼም የተባለው የእስራኤል የሆሎኮስት መታሰቢያ ተቋም በ1985 መንደሯን በሙሉ አክብሯል። ጎረቤት ያውቃል ወይ ላሉት፣ ኒውላንደ ላይ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ማወቁ ነው ያዳናቸው።

የ1944 እና 1945 ክረምት ሲመጣ ምዕራብ ኔዘርላንድ ተራበ። ባቡር ቆሟል፣ ጋዝና መብራት ተቋርጧል፣ የሰው ድርሻ በቀን ከ1,000 ካሎሪ በታች ወርዷል። ሰው የቱሊፕ ሥር ቀቅሎ በላ። ከ20,000 በላይ ሞተ። ያን ጊዜ ሸሻጊውም ራሱ የሚበላው የለውም፤ ግን በር ከፍቶ «ውጡልኝ» ያላለው ብዙ ነው። ሁለት ዓመት ከመያዝ ያመለጠ ተሸሻጊ በዚያ ክረምት በብርድና በሕመም ሞቶ፣ ሬሳው በሌሊት በድብቅ የወጣበት ቤት አለ። ሐኪም መጥራትም ሆነ ቀብር ማስፈጸም አይቻልማ፤ የሌለ ሰው አይሞትም።

በሜይ 1945 አገሩ ነፃ ሲወጣ ከተሸሸጉበት የወጡት 16,000 ያህል ናቸው። ፀሐይ ዓይናቸውን ወጋቸው፤ ከአልጋ ወደ ወንበር ብቻ ሲሄድ የኖረ እግር ደረጃ መውረድ አቃተው። ቤታቸው ሲደርሱ ሌላ ሰው ይኖርበታል። የአምስተርዳም ከተማ ከካምፕና ከመሸሸጊያ ለተመለሱ ባለቤቶች፣ በሌሉባቸው ዓመታት ያልከፈሉትን የመሬት ኪራይ ከነቅጣቱ እንዲከፍሉ ጠይቋል። ይህ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲጋለጥ ከተማው በ2016 ለአይሁድ ማኅበረሰቡ 10 ሚሊዮን ዩሮ መለሰ።

ወላጆቻቸው ሳይመለሱ የቀሩ 2,000 ያህል ልጆች ደግሞ በአሳዳጊዎቻቸውና በአይሁድ ማኅበረሰቡ መካከል የክርክር ምክንያት ሆኑ፤ ጉዳያቸውን የሚወስን ኮሚሽን ተቋቁሞ ዓመታት ፈጀ። ወላጅ የተመለሰላቸውም ቢሆን ቀላል አልነበረም። በሦስት ወሩ ለሰው አደራ የተሰጠ ልጅ አሁን ሦስት ዓመቱ ነው። ፍሪስላንድ ገበሬ ቤት አድጎ የሚያወራው የዚያን አገር ቋንቋ ብቻ የሆነ ልጅ ነበር። በር ላይ አንዲት የከሳች ሴት ቆማ ስሙን፣ እሱ ሰምቶት የማያውቀውን ስሙን ትጠራዋለች። ልጁ ሮጦ ያሳደገችውን ሴት ቀሚስ ይይዛል።